ምዕራፍ 6፦ ስም የሚሠራው ጋራዥ ውስጥ ነው

በጎንደር ቆላ፣ ሳንጃ ላይ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው «ዕቃው ይገኛል?» ብሎ ነው። ዕቃ ማለቱ መለዋወጫ ነው። መኪናው የየት አገር ሥሪት እንደሆነ፣ ፋብሪካው ስንት ዓመት እንደቆየ፣ አርማው ምን እንደሚመስል የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከተነሣ።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። ከጎንደር ወደ ሑመራ የሚወርደው መስመርም ሆነ ከአዘዞ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚዘልቀው መንገድ ደጋውን ጥሎ ቆላ ሲገባ፣ በበልግ ወራት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ያልፋልም። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጎማ ውጦ የማይለቀው ጥቁር አፈር አለ። መኪና የሚፈለግበት ጊዜም ቀጠሮ አይሰጥም። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ሳሉግ የሚባለውን የቀን ሠራተኛ ወደ እርሻው ማድረስ ግድ ነው፤ የደረሰ ሰሊጥ ጥቂት ቀን ካደረ ከረጢቱን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያረግፋል። በዚያ ሳምንት የተሰበረ አይሱዙ ባለቤቱን የሚያስከፍለው የጥገና ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ የዓመት ምርት ሊያስከፍለው ይችላል። ስለዚህ በዚህ ቆላ ስም ያለው ቶዮታ ነው፤ አይሱዙ ነው፤ ለከተማ ውስጥ ደግሞ ባጃጅ ነው።

የጀርመን የቤት መኪና እዚህ ብርቅ ነው። በአዲስ አበባ ግን አንዲት የጀርመን መኪና ከ50 ዓመት በላይ ስሟን ይዛ ኖራለች፤ ቮልስ። ይህ ምዕራፍ የእሷንና የሠራትን የቮልስዋገንን ታሪክ የሚተርከው አንድ ነገር ለማሳየት ነው፤ የመኪና ስም የሚሠራው ፋብሪካ ውስጥ አይደለም፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። ይህን ፋብሪካው ራሱ በደንብ የተረዳበት ዘመን ነበረው። የረሳበትም ዘመን ነበረው።

ቴምብር ለጥፎ መኪና ያላገኘ ሕዝብ

ቮልስዋገን የተወለደው በንግድ ሳይሆን በፖለቲካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ፈርዲናንድ ፖርሸ የሚባለው መሐንዲስ ለተራው ጀርመናዊ የሚሆን መኪና እንዲነድፍ ውል ተሰጠው። ሒትለር የፈለጋት መኪና ሁለት ትልልቅ ሰዎችና ሦስት ልጆች የምትይዝ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ፣ ነዳጅ የማታበዛና ከ1,000 ማርክ በታች የምትሸጥ ናት። ዋጋዋ 990 ማርክ ተብሎ ተቆረጠ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 26 ቀን 1938 ፋለርስሌበን አጠገብ የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፤ ሠራተኛው የሚኖርበት አዲስ ከተማም በዚያው ዓመት ተቆረቆረ።

መኪናዋ የምትገኘው በቁጠባ ነበር። ቆጣቢው በየሳምንቱ ቢያንስ የ5 ማርክ ቴምብር ገዝቶ ደብተሩ ላይ ይለጥፋል፤ ደብተሩ ሲሞላ መኪናውን ይረከባል። ወደ 336,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዲህ ቆጠቡ። ከእነዚህ አንድም ሰው በደብተሩ መኪና አልተረከበም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳና ፋብሪካው ኩበልቫገን የተባለውን ቀላል የጦር መኪናና ሌላ የጦር ዕቃ ወደ ማምረት ዞረ። በጦርነቱ ዓመታት በግዳጅ የሠሩበት ሰዎች ቁጥር 20,000 ገደማ ነው፤ የጦር እስረኞች፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የተጋዙ ሲቪሎችና ከማጎሪያ ካምፕ የመጡ ሰዎች ነበሩባቸው። ኩባንያው ለእነዚህ ሰዎች የእርዳታ ፈንድ ያቋቋመው ከ50 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ቴምብር የለጠፉት ደግሞ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሰው እ.ኤ.አ. በ1961 አዲስ መኪና ለሚገዛ እስከ 600 ማርክ ቅናሽ፣ አልገዛም ላለ እስከ 100 ማርክ ጥሬ ገንዘብ ተወሰነላቸው።

ዛሬ ጀርመን ሲባል ጥራትና ቃል አክባሪነት ለሚታየው ሰው ይህ ጅማሬ ሊከብደው ይችላል። የዚህች መኪና የመጀመሪያ ገዢዎች ከፍለው ያልተረከቡ ሰዎች ናቸው።

ማንም ያልፈለገው ፋብሪካ

እ.ኤ.አ. በ1945 ፋብሪካው በቦምብ የተደበደበ ፍርስራሽ ነበር። አካባቢው በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ፤ ከተማውም ቮልፍስቡርግ የሚለውን የዛሬ ስሙን አገኘ። ፋብሪካውን እንዲይዝ የተመደበው ሻለቃ አይቫን ኸርስት ከፍርስራሹ መካከል አንዲት መኪና አሠርቶ ለአለቆቹ አሳየ። መጓጓዣ የቸገረው የእንግሊዝ ጦር 20,000 መኪና አዘዘ። የእንግሊዝ የመኪና አምራቾች ግን መኪናዋን አይተው አልፈለጓትም፤ አስቀያሚና ጯሂ ናት፣ ገዢ አታገኝም አሉ። በኋላም ፋብሪካው ለአሜሪካው ፎርድ ተሰጥቶ እንዳልተቀበለው ይነገራል።

በእንዲህ ያለ ሁኔታ እ.ኤ.አ. በጥር 1948 ሃይንሪኽ ኖርድሆፍ የሚባል መሐንዲስ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ገባ። ከኦፔል የመጣ ሰው ነው፤ መጀመሪያ መኪናዋን እሱም አይወዳትም ነበር። ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛው፣ የመኪናዋን ቅርጽ ሳይለውጡ ውስጧን በየዓመቱ ማሻሻል ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ መኪና ላይ የሚሠራ እጅ የ1960ዎቹም ላይ አይደናገርም። ሁለተኛው ለእኛ ርእስ ይበልጣል። ኖርድሆፍ መኪና ወደ አንድ አገር ከመላኩ በፊት የጥገና ቤት፣ የሠለጠነ ሜካኒክና የመለዋወጫ መጋዘን እንዲኖር ይሻ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የቮልስዋገን ወኪል መሆን የፈለገ ነጋዴ የጥገና ክፍሉን ሳያደራጅ ውክልና አያገኝም ነበር።

ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 1955 አንድ ሚሊዮንኛዋ ቮልስ ከፋብሪካው ወጣች። እ.ኤ.አ. በ1951 ደቡብ አፍሪካ ኦይተንሃይግ ላይ መገጣጠም ተጀምሮ ነበር፤ ብራዚልና ሜክሲኮም ተከተሉ። እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1972 ቁጥሯ 15,007,034 ደርሶ የፎርድን ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ስትወጣ ቁጥሯ 21,529,464 ነበር።

ሞተሩ ከኋላ

ቮልስ ለኢትዮጵያ መንገድ ታስባ አልተነደፈችም፤ አነዳደፏ ግን ለዚህ አገር ተስማማ። ለምን እንደተስማማ ለማወቅ የኋላ ኮፈኑን መክፈት ነው።

ከፊት ሻንጣ አለ፤ ሞተሩ ከኋላ ጎማዎቹ ላይ ተቀምጧል። ክብደቱ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ጭቃና ኮረኮንች ላይ ጎማው እንዲቆነጥጥ ይረዳል። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል። ራዲያተር የለም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ የሚሽከረከር ማራገቢያ የሚያመጣው አየር ነው። ዳገት ላይ ውኃ አፍልታ የምትቆም መኪና በበዛችበት ዘመን፣ የሚፈላ ውኃ የሌላት መኪና ትልቅ ነገር ነበረች።

ጉልበቷ ትንሽ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነበረችው ባለ 1200 ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለችው ጎንደር ላይ ቮልስ አንድ አምስተኛ ጉልበቷን ጥላ ነው የምትነዳው። ማርሽ ቀንሶ ቀስ ብሎ መውጣት ነው እንጂ መሽቀዳደም የለም።

ቆላ ስትወርድ ፈተናዋ ይለወጣል። አየሩ ራሱ 40 ዲግሪ ከሆነ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሙቀቱን የመሸከም ሥራ ወደ ዘይቱ ይዞራል። ዘይቷ ደግሞ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ እንደዛሬ መኪና የሚቀየር ፊልትሮ የላትም፣ ያላት የሽቦ ወንፊት ነው። ዘይት ሳይቀየር የቆየባት ቮልስ ቆላ ላይ ዕድሜ የላትም። የቀድሞዎቹ ሞዴሎች ላይ ሌላም የታወቀ ድካም አለ። የዘይት ማቀዝቀዣው ማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደው አየር መንገድ ላይ ተቀምጧል፤ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል፣ ቫልቩም ቀድሞ ይቃጠላል። የቆዩ ሜካኒኮች ጆሮ ሰጥተው አዳምጠው «ሦስተኛው ነው» የሚሉት ለዚህ ነው። ፋብሪካው ይህን ያረመው በ1970ዎቹ መግቢያ (እ.ኤ.አ.) ማቀዝቀዣውን ወደ ጎን በማውጣት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ነገሩ ሁሉ በዓይን የሚታይና በእጅ የሚደረስ መሆኑ ነው። ቺንጋ ቢበጠስ ዳሽቦርድ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ አዲስ ቺንጋና አንድ ሁለት መፍቻ ካለ መንገድ ዳር ይለወጣል። ባትሪ ቢደክም ሁለት ሰው ገፍቶ ያስነሣታል። ካርቡራተሩ፣ ካንዴላው፣ ፑንቲናው ብዙ ሳይፈታ በእጅ ይደረስበታል። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ስለሆነ ልምድ ያለው ሰው ለግማሽ ቀን እንኳ ሳይደርስ አውርዶ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ ልጅ ጋራዥ ገብቶ ጥቂት ወራት ካየ ስለ ቮልስ የሚበቃውን ያህል ያውቃል። ኖርድሆፍ የጥገና ቤት ሳይደራጅ አይሸጥም ያለውን መኪናዋ ራሷ አቃለለችው፤ ማንኛውም ጋራዥ የቮልስ ጋራዥ መሆን ቻለ።

መስከረም 2 ቀን 1967

ቮልስን በኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ያስገባት አንድ ጠዋት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የደርግ መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን የወረዱበትን አዋጅ አነበቡ። ከዚያ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው። መኪናዋ ሁለት በር ብቻ ስላላት የፊተኛው ወንበር ታጥፎ ከኋላ ገቡ። በመኪናዋ ማነስ ተገርመው መኮንኖቹን እንደጠየቁ ይነገራል።

ለንጉሡ ጀርመን እንግዳ አገር አልነበረም። በ1947 ዓ.ም. ቦንን ሲጎበኙ ከጦርነቱ በኋላ በምዕራብ ጀርመን በይፋ የተስተናገዱ የመጀመሪያው የውጭ አገር ርእሰ ብሔር እሳቸው ነበሩ። ቤተ መንግሥታቸው ሮልስ ሮይስም ሌላ የከበረ መኪናም ነበረው። መኮንኖቹ ቮልስን አስበው መርጠዋት ይሁን እጃቸው ላይ ስለነበረች ብቻ፣ ሕዝቡ ያየው አንድ ነገር ነው፤ ትናንት ፊታቸው ይሰገድላቸው የነበሩ ንጉሥ መምህሩና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው በሚነዷት መኪና ሲሄዱ። አዋጅ ያላነበበ ሰው እንኳ ዘመን መለወጡን ከዚያ ተረዳ።

አንድ አጋጣሚ እዚህ ላይ ይጠቀሳል። ከዚያ ጠዋት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1974 ቮልፍስቡርግ የሚገኘው ዋናው ፋብሪካ የመጨረሻዋን ቮልስ ሠርቶ መስመሩን ለጎልፍ ለቅቆ ነበር። ጀርመኖች በቤታቸው «ጊዜዋ አልፏል» ያሏት መኪና አዲስ አበባ ላይ ገና የሚረዝም ዕድሜ ነበራት።

ያላረጀችበት ምክንያት

ቮልስ በኢትዮጵያ ለምን እንደቆየች ሲጠየቅ ብዙ ሰው «የጀርመን ዕቃ ስለሆነች» ይላል። መልሱ ግማሽ ነው። የጀርመን ዕቃ ሆኖ ቆርቆሮ ለቃሚ የወሰደው ሞልቷል።

አንዱ ምክንያት ቀረጥ ነው። የነዳጅ መኪና ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ጉምሩክ፣ ኤክሳይዝ፣ ሱር ታክስና ተጨማሪ እሴት ታክስ እየተደራረቡበት ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆን ነበር። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ኤክሳይዝ ጣለ። አዲሱ እንዲህ ሲወደድ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው አይወድቅም፤ እንዲያውም ይጨምራል። ዋጋ ያለውን ነገር ደግሞ ሰው ይጠግነዋል።

ሁለተኛው ምክንያት መርካቶ ነው። ሶማሌ ተራ ላይ አሮጌ መኪና ይፈታል፤ የአንዱ በር ለሌላው፣ የአንዱ ካምቢዮ ለሌላው ይሆናል። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራች፣ ቅርጿ ለአሥርት ዓመታት ያልተለወጠ መኪና ለእንዲህ ያለ ገበያ ትመቻለች፤ የአንዱ ዓመት ሥሪት ዕቃ ብዙ ጊዜ ለሌላው ዓመት ይገጥማል። ያልተገኘውን ተርነሪው ይቀርጸዋል። ሦስተኛው ምክንያት እጅ ነው። ከአባት ወደ ልጅ፣ ከዋና ሜካኒክ ወደ ረዳት የወረደ ሙያ ባይኖር ቀረጡም ሶማሌ ተራም ብቻቸውን አያንቀሳቅሷትም ነበር።

ከሦስቱ አንዱም ጀርመን ውስጥ አልተሠራም። የጀርመኑ ፋብሪካ ድርሻ ለመጠገን የማታስቸግር መኪና መሥራቱ ነው። «ቮልስ አትሞትም» የሚያሰኘውን ስም የሠራው የኢትዮጵያ ሜካኒክ ነው።

የተደበቀው ሶፍትዌር

በቀላልነቷ ስም ያገኘው ኩባንያ ከጊዜ በኋላ ስሙን ያቆሸሸው ማንም በዓይኑ ሊያየው በማይችለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 18 ቀን 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቮልስዋገንን በማጭበርበር ከሰሰ። የዲዝል ሞተሮቹን የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር መኪናው ምርመራ ላይ መሆኑን ከመሪው እንቅስቃሴና ከሌሎች ምልክቶች ለይቶ ያውቃል፤ ያን ጊዜ ብቻ ጭሱን ያጠራል። መንገድ ላይ ሲወጣ ማጥሪያውን ይቀንሳል። አንዳንዱ ሞዴል የሚለቀው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ደርሶ ተገኘ።

ነገሩን ያወጡት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። መለኪያቸውን መኪናው ላይ ጭነው መንገድ ላይ ነዱት፤ የጭሱ መጠን ከላቦራቶሪው ጋር አልገጥም አለ። ሶፍትዌሩ የተጫነባቸው መኪኖች በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ማርቲን ቪንተርኮርን በአምስት ቀን ውስጥ ሥራ ለቀቁ፤ ኩባንያው በቅጣት፣ በካሣና በጥገና ከ30 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ወጣበት።

ማንም ሜካኒክ ኮፈን ከፍቶ ይህን ማጭበርበር ሊያይ አይችልም ነበር። ጋራዥ የማይደርስበት ቦታ ላይ የተሠራ ስም ያለው ዋስትና የፋብሪካው ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉ ሲታጠፍ የሚተርፍ የለም።

አይዲ በቆላ

በጥር 2011 ዓ.ም. የጀርመኑ ፕሬዚዳንት ፍራንክ ቫልተር ሽታይንማየር አዲስ አበባን ሲጎበኙ ቮልስዋገን ከኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመ። መኪና መገጣጠም፣ ዕቃ አገር ውስጥ ማምረትና ባለሙያ ማሠልጠን በሰነዱ ውስጥ ነበሩ። ኩባንያው ከዚያ ቀደም ብሎ ኪጋሊ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ጀምሮ ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት የአዲስ አበባን ጎዳና የሞሉት ቮልስዋገኖች ግን በዚያ ሰነድ አልመጡም። ከቻይና መጡ፤ አይዲ 4 እና አይዲ 6። ቮልስዋገን ከቻይናዎቹ ፋውና ሳይክ ጋር በሽርክና የሚሠራቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። አይዲ 6 ጭራሽ ለቻይና ገበያ ብቻ የተነደፈ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና እንደማይገባ ሲያስታውቁ ፍላጎቱ ይበልጥ ጨመረ።

የአይዲ ዋና ሞተር እንደ ቮልስ ከኋላ ነው። ተመሳሳይነቱ እዚያ ላይ ያበቃል። የቆላ ሰው ቢገዛው ምን ይገጥመዋል? ብዙ ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው። እንቁጠረው። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጎንደር ያለው የከፍታ ልዩነት 1,400 ሜትር ገደማ ነው። 2 ቶን ያለፈ መኪና ያን ያህል ለማንሣት የሚፈጀው ጉልበት 8 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ትልቁ ባትሪ ከሚይዘው አሥረኛውን ያህል። ሲወርድ ደግሞ ከዚያ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ከፍታም እንደ ነዳጅ ሞተር አያዳክመውም፤ አየር አይተነፍስምና። ዳገቱ ችግር አይደለም።

ችግሩ ሌላ ነው። ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ የማቀዝቀዣው ሥርዓት በቆላ ሙቀት ያለ ዕረፍት መሥራት አለበት። ፈጣን ቻርጀር በአብዛኛው ያለው አዲስ አበባ ነው። ባትሪው ወደ 400 ቮልት የሚጠጋ ስለሆነ ያልሠለጠነ እጅ ሊነካው አይገባም። ለቻይና ገበያ የተሰናዳው ሶፍትዌር መመርመሪያ ኮምፒውተርና የሚያውቀው ባለሙያ ይፈልጋል። ሳንጃ ላይ ቺንጋ የሚለውጥ ሰው አይጠፋም፤ ይህን የሚከፍት ሰው ግን ጎንደር ድረስ ወጥቶም ማግኘት ይቸግራል። ማን አስመጣው? ዋስትናውን ማን ይሰጣል? ኖርድሆፍ ከሽያጩ አስቀድሞ ይመልሰው የነበረው ጥያቄ ዛሬ ከሽያጩ በኋላ ገዢው ላይ ወድቋል።

ይህ ማለት አይዲ መጥፎ መኪና ነው ማለት አይደለም። መርካቶ አንድ ቀን የባትሪ ሕዋስ ሲፈታና ሲገጥም ልናይ እንችላለን፤ ያገራችን እጅ ከዚህ የባሰም ተምሯል። እስከዚያ ድረስ ግን አርማው የቮልስን ስም ተውሶ ነው የሚሸጠው፤ የራሱን ስም ገና አልሠራም።

መኪና ልትገዛ ያሰብህ አንባቢ፣ የፋብሪካውን አገር ከመጠየቅህ በፊት ሦስት ነገር አጣራ። ከምትኖርበት ከተማ እስከሚጠግነው ሰው ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ቶሎ የሚያልቀው ዕቃ የት ሱቅ ይገኛል? ቢበላሽ በጽሑፍ የሚጠየቅልህ ማን ነው? ለሦስቱም መልስ ካገኘህ ጀርመንም ይሁን ጃፓን ወይም ቻይና፣ ግዛው። ካላገኘህ ግን አርማው ምንም ያህል ቢያምር ተወው።